ሁለት ቁራጭ ቀይ ሳቲን

ኦቦ ጨመዳ የላኩት የሳቲን ቁራጭ በፖስታው ጀርባ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። ውስጡ ያለው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የምራቴ የጃለኔ ፎቶግራፍ በትልቁ ወረቀት ይደግ፤ ቀለምም ይቀባ። ቀሚሷ እኛ በሰጠናት በጥሎሹ ቀሚስ ቀለም ይሁን። ናሙናው ተያይዟል። ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ እወስዳለሁ።»

አጎቴ ጋሼ ተካ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበልኝና ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገው።

«ወሰኔ፣ ይኼን ቀይ በደንብ አስተያዪው። ሰውዬው የአርጆ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀይ ከቀይ ሲለዩ ነው የኖሩት። ከተሳሳትን ገበያ ሙሉ ሰው ፊት ነው የሚያዋርዱን።»

«እሺ» አልኩ።

ቁራጩን ከመርፌው ፈታሁት። ጃለኔ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የለበሰችው የጥሎሹን ቀሚስ አልነበረም። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሷና እኔ።

ዓመቱ 1962 ነበር። ዩኒቨርሲቲው በታኅሣሥ ሲዘጋ ሁለተኛ ዓመቴን ሳልጨርስ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ። መቼ እንደሚጠሩን፣ ጭራሽ ይጠሩን እንደሆነም የሚነግረን አልነበረም። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። እናቴ በዛብሽ ከመጣው እንግዳ ሁሉ ጋር ስለ እኔ ታወራለች፤ እንግዳው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። ከዚያ ጥያቄ ሸሽቼ ጧት ጧት ወደ ታናሽ ወንድሟ ፎቶ ቤት መሄድ ጀመርኩ።

ጋሼ ተካ ያነሳል፣ ያጥባል። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ ላይ ቀለም እቀባለሁ። ቀለሞቹ በትንንሽ ጠርሙስ ነው የሚመጡት። በውኃ አቅጥኜ፣ በስንጥር ላይ በጠቀለልኩት ጥጥ ወይም በቀጭን ብሩሽ እነካካለሁ። ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አንዴ ከሰረገ የሚያስለቅቀው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ በተበላሸ ፎቶግራፍ ቅዳጅ ላይ እሞክራለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ዋናው የምሄደው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቀይ ልብስ ነው። ቀይ በፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ጥቁር ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ አይታይም። የሚታየው ብርሃን ባረፈበት ብቻ ነው፤ ትከሻው ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ጨርቁ በተወጠረበት ደረት ላይ። ከሙሉ ቀሚስ በእውነት ቀይ የሚሆነው ሦስት አራት ጣት የሚያህል ቦታ ነው። ሌላውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል።

የጃለኔ ሠርግ በጥር ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነው የተማርነው። በነጭ ልብስ ጸሎት ቤት ገብታ ቃሏን ሰጠች፤ ወደ አርጆ የምትሄድበት ልብስ ግን ቀይ እንዲሆን ሁለቱ ቤተሰቦች ተነጋግረው ነበር። እናቷ አዴ ድርቤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አላቸው። ቀይ ሳቲን ገዝተው፣ የደንበኛ ሥራ ባነሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየሰፉ፣ በሦስት ወር አንድ ቀሚስ ጨረሱላት። ጥሎሹ በሽማግሌዎች ፊት ሲከፈት ግን ከወርቁና ከኩታው ሥር ሌላ ቀይ የሳቲን ቀሚስ ወጣ። አዲስ አበባ የተሰፋ ነው። የሙሽራው ወገኖች ልኳን ለማወቅ ብለው ከአዴ ድርቤ ቤት አንድ የጃለኔን ቀሚስ ወስደው ስለነበር አቆራረጡ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ሙሽራ ደግሞ የምትወጣው በጥሎሹ ልብስ ነው። አዴ ድርቤ ከሴቶቹ ሁሉ አስበልጠው እልል አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ቀሚስ አጥፈው በልጃቸው ሳጥን ሥር ከተቱት።

መኪኖቹ ወደ አርጆ ሲያመሩ ፎቶ ቤት ቆሙ። ጃለኔ እጄን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ አስገባችኝ። ውጭ ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። ማበጠሪያዬ እዚያ ውስጥ ነው ብላ ሳጥኗን አስመጣች። ሳጥኑ ሲመጣ ግን ማበጠሪያ አልፈለገችም።

«ቶሎ በይ፣ ከኋላ ፍቺልኝ» አለችኝ።

«ጃለኔ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልልበስላት።»

አንዱን አወለቅሁላት፤ ሌላውን አለበስኳት። ጋሼ ተካ ምንም አልታወቀውም፤ ሰው ሲያነሳ የሚያየው መብራቱን እንጂ ልብሱን አይደለም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወዲያው ተመልሳ የጥሎሹን ቀሚስ ለበሰችና የእናቷን ቀሚስ እጄ ላይ አደረገችው።

«ለእማዬ መልሺላት። ሳጥኑ ሞልቶ ነው በያት።»

«ለምን ይዘሽው አትሄጂም?»

«እዚያ ሳጥኔን የሚፈቱት አማቴ ናቸው። የእኛን ንቃ የእናቷን ቀይ ደብቃ አመጣች ይሉኛል። ለማንም እንዳትነግሪ። ለእማዬም ጭምር። እሷ ደስ ካላት አፏ አያርፍም፤ በማግስቱ ገበያው ይሰማዋል፣ በሳምንቱ አርጆ ይደርሳል። ማይልኝ።»

ማልኩላት።

ቀሚሱን በቀድሞው እጥፋቱ ላይ አድርጌ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ወሰድኩላቸው። አዴ ድርቤ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ሳጥኑ ሞልቶ ነው አለች» አልኩ።

«እንደታጠፈ መጣ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ተካ በፎቶ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ ጠርቶ የልጅዎን ፎቶግራፍ አጥቤ ልስጥዎት ቢላቸው ቆመው እንኳ አላዩትም። «በሰው ቀሚስ ያለች ልጅ ቤቴ አልሰቅልም። አርጆዎች ይስቀሏት» ብለውት ሄዱ። ይህን ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ ሰማሁ። ብሩሹ እጄ ላይ ነበር፤ እስኪደርቅ ድረስ አላንቀሳቀስኩትም።

የኦቦ ጨመዳ ደብዳቤ የመጣው ሚያዝያ ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ለአዴ ድርቤ በአፌ ብነግራቸው መሐላዬን ማፍረሴ ነው፤ ጃለኔም አርጆ ላይ ፊቷን የምታሳይበት ታጣለች። ዝም ብል ደግሞ እናቲቱ ልጄ የሰፋሁላትን ሳትሞክረው መለሰችው እንዳሉ ይኖራሉ። በመካከል አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ፎቶግራፉን በእውነተኛው ቀይ ብቀባው፣ ያንን ቀይ የሚያውቀው ሦስት ወር ሙሉ በጣቱ ሲነካው የከረመ ሰው ነው። ለሌላው ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ናት፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ይህ በትንሽ ፎቶግራፍ አይሆንም፤ እጅጌው ላይ ያረፈው ብርሃን የጥፍር ያህል ስለሆነ ሁለቱን ቀይ መለየት አይቻልም። በትልቁ ግን ይቻላል። ትልቅ ወረቀት ደግሞ ጋሼ ተካ ዘንድ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በኦቦ ጨመዳ ትእዛዝ ታተመ።

ረቡዕ ጧት አዴ ድርቤ ወደሚሰፉበት በረንዳ ሄድኩ።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ» አልኳቸው።

«ናጋ። ነይ ኢንታላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ዩኒቨርሲቲሽ እስካሁን አልተከፈተም?»

«አልተከፈተም።»

«እንግዲያ እኔ ጋ ስፌት ተማሪ። ይኼ መኪና አድማ አያውቅም።»

በረንዳውን የሚጋሯቸው ሌላው ሰፊ፣ ሽማግሌው ኦቦ ዋቅወያ፣ ከሚተኩሱት ሱሪ ላይ ቀና አሉ። «አያውቅም ትላለች! ወሬ የመጣ ቀን ከእኔ መኪና ቀድሞ የሚቆመው የእሷ ነው።»

«አንተስ? ወሬው ሳይመጣም የቆመ ነው መኪናህ» አሉ አዴ ድርቤ።

ስቀው እስኪያበቁ ጠበቅሁና ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደምፈልግ ተናገርኩ። ለብሩሽ መጥረጊያ ነው አልኩ። ከመኪናው ሥር ከረጢት ጎትተው እፍኝ ሙሉ አወጡልኝ፤ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ጭረት ያለው ፖፕሊን። ከመካከሉ አንድ ቀይ የሳቲን ቁራጭ ወጣ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«ይኼንንም ውሰጂ። ጥሩ ይጠርጋል።»

«አዴ፣ ይኼ ለመጥረጊያ አይሆንም። ጥሩ ጨርቅ ነው።»

«ጥሩ ስለሆነ ነዋ እንደታጠፈ የተመለሰው።»

አንገቴን ደፋሁ። ልሄድ ከተነሳሁ በኋላ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ።

«አዴ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤት ብቅ ይላሉ?»

«ለምን?»

«አንድ ነገር ላሳይዎት ፈልጌ ነው።»

«ፎቶዋ ከሆነ አላይም።»

«ቀለም ነው የማሳይዎት።»

«ዋቅወያ፣ ሰማህ? ይቺ ልጅ ዛሬ ስንት ቃል ተናገረች!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እሺ፣ እመጣለሁ» አሉኝ።

ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋኋቸው። በመጀመሪያ አንድ መሰሉኝ። ደነገጥኩ፤ እጄ ላይ ቢቀያየሩብኝ የትኛው የማን እንደሆነ የማውቀው በመርፌው ቀዳዳ ብቻ ነበር። ይዣቸው ወደ በሩ ወጣሁ። ፀሐይ ስታገኛቸው ተለያዩ። የጥሎሹ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ደረቅ ዛፍ ላይ ብቻውን የሚያብበውን የቆርች አበባ ይመስላል፣ ሩቅ ሆኖም ይጠራል። የአዴ ድርቤ እንደዚያው ሞቅ ያለ ነው፤ ግን ሙቀቱ ወደ ውስጥ ነው። ከሥሩ ትንሽ ቡናማ አለበት። ለመለቀም አንድ ቀን የቀረው ሳይሆን አንድ ቀን ያለፈው ቡና ነው።

ዝናብ ሊገባ ነበርና ሰማዩ አይታመንም። ደመና ሲሸፍን ሁለቱ ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። ቀለም በጥብጬ፣ ቅዳጁ ላይ ነክቼ፣ ወደ በሩ ይዤ ስሮጥ ፀሐይዋ ትገባለች። ተመልሼ ስቀመጥ ትወጣለች።

«ወሰኔ፣ አንቺ ነሽ በሩን የምታመላልሽው ወይስ በሩ ነው አንቺን የሚያመላልስሽ?» አለኝ ጋሼ ተካ።

«ቀለሙን ላየው ነው።»

«ቀይ ነው እንግዲህ። ምን ያስሮጣል?»

ሌላም ችግር ነበር። በነጭ ወረቀት ላይ ልክ የሆነው ቀለም በፎቶግራፉ ግራጫ ላይ ሲያርፍ ይለወጣል፤ ግራጫው ቢጫውን ይበላዋል። ለጥሎሹ ቀይ አንድ ጠብታ ቢጫ መጨመር ነበረብኝ። ለአዴ ድርቤ ቀይ ደግሞ ቢጫውን ትቼ ግማሽ ጠብታ ቡኒ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ግማሽ ጠብታ። ሐሙስ ጧት ፈራሁና በሁለቱ መካከል የሚውል ሦስተኛ ቀይ በጠበጥኩ። ማንንም የማያስቀይም ይሆናል ብዬ ነበር። ሲደርቅ አየሁት፤ የከንፈር ቀለም ይመስላል። የአዲስ አበባው ሰፊም አዴ ድርቤም የማያውቁት ቀይ ነው። ደፋሁት።

ከዚያ ብሩሹን አጠብኩ። በአዴ ድርቤ ቀይ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ቀጥሎም የግራ እጅጌዋን ቀባሁ። በልቤ ያሰላሁት ይህንን ነበር፤ እሳቸው አርብ መጥተው ያያሉ፤ ቅዳሜ ኦቦ ጨመዳ ከጣራው ሥር፣ በደመናው ብርሃን ተቀብለው ይሄዳሉ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ፎቶግራፉን በወረቀት ሸፍኜ በሩ ጋ ቆምኩ። ሴቶች ከገበያ ይመለሳሉ፤ እያንዳንዷን ከሩቅ በአረማመዷ ለመለየት እሞክራለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሴ ወደ በረንዳው ሄድኩ። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል።

«ጉቶ በኩል ገጠር ለቅሶ ሄዳለች» አሉኝ ኦቦ ዋቅወያ። «የአክስቷ ልጅ ነው የሞተው። እሑድ ነው የምትመለሰው። ምነው፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«ደኅና ነኝ» አልኩ።

ቅዳሜ ሰማዩ አንድ ጉም አልነበረበትም። ኦቦ ጨመዳ አራት ሰዓት ሲሆን ጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ገቡ።

«ያ ተካ! ምራቴን አምጣት!»

ጋሼ ተካ ፎቶግራፉን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው። ኦቦ ጨመዳ ራቅ አድርገው አዩት፤ ፊታቸው ፈካ።

«አቤት! ልትናገር ምንም አልቀራት እኮ። ልጄ ሞረዳ ሲያያት ሁለተኛ ያገባታል።»

አለፈ ብዬ ነበር። ወዲያው ግን ፎቶግራፉን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

«ቀይ ነገር ከጣራ ሥር አይታይም። ናሙናዬስ የታለ?»

ሁለቱ ቁራጮች ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ አዴ ድርቤ ቁራጭ ነው። እሱን ብሰጣቸው ከፎቶግራፉ ጋር ይገጥማል። ነካሁት። ከዚያ ተውኩትና መርፌ የበሳውን፣ የራሳቸውን ሰጠኋቸው።

ከመንገዱ ዳር ቆመው ቁራጩን እጅጌው ላይ አስጠጉት። አነሱት። እንደገና አስጠጉት።

«ይኼ የእኛ አይደለም» አሉ።

«ያው ነው እኮ፣ ኦቦ» አለ ጋሼ ተካ።

«ያው ነው? አንተ ተካ፣ ቡና ስገዛ ያው ነው እያልኩ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእግሬ ነበር የምመጣው። የእኔ ቆርች ነው፤ ስታየው ይነድዳል። ይኼ ቡና ነው፤ የበሰለ ቡና። ቡና ለማየት ፎቶ ቤት መምጣት አያስፈልገኝም፤ መጋዘኔ ሙሉ ነው።»

ገበያተኛው መቆም ጀመረ። አንዷ ሴት የያዘችውን ዶሮ እንዳንጠለጠለች አንገቷን አስግጋ ወደ ፎቶግራፉ ታያለች። ኦቦ ጨመዳ ግን መቀለዳቸውን ተዉ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እጅጌውን ደጋግመው አዩት።

«ይኼን ቀይ አንድ ቦታ አይቼዋለሁ» አሉ በቀስታ። ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታላ፣ የቀባሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት አመጣሽው?»

ስንት ሰው እንደከበበን አላውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ጥሎሹ በተከፈተ ቀን አዴ ድርቤ ቤት ነበሩ፤ ያ ቀሚስ ያኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተውት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ዝም ብል ያስታውሱታል፤ ካስታወሱት ደግሞ ማታ አርጆ ሲገቡ በሩን የምትከፍትላቸው ጃለኔ ናት።

«ከየትም አላመጣሁትም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ቡኒውን አበዛሁት። ተሳስቼ ነው።»

«ናሙና ተሰጥቶሽ?»

«ቀይ ከቀይ መለየት አልችልም።»

«ምን?» አለ ጋሼ ተካ።

«ዱሮም አልችልም። ገምቼ ነው የምቀባው።»

ኦቦ ጨመዳ ሳቁ። ሳቃቸው መንገዱን ሞላው።

«ያ ተካ! ቀይ የማታይ ልጅ ቀለም አስይዘህ ነው የአርጆን ሰው ትእዛዝ የምትቀበለው? ሲገርም! እኔ ጋ ብትቀጠር ጥሬውን ከበሰለው ደባልቃ በአንድ ወር ታደኸየኝ ነበር!»

ዶሮ የያዘችው ሴት እስክታጎነብስ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ጋሼ ተካ በሚቀጥለው ቅዳሜ በአዲስ ወረቀት፣ በራሱ እጅ ቀብቶ እንደሚያስረክብ ቃል ገባላቸው። ኦቦ ጨመዳ ፎቶግራፉን መለሱለት። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ አልነበረም። ያን አስተያየት እስካሁን አስበዋለሁ፤ ምን እንደነበረበት አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን ጋሼ ተካ ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«እስካሁን የቀባሻቸው ሁሉ? የመምህሩ ሚስት ሹራብ? የቄሱ ጥላ?»

«እየገመትኩ ነው።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አዘነልኝ። ጥጡንና ስንጥሩን ከፊቴ ቀስ ብሎ ሰበሰበ፤ ሰማይና ቅጠል ብቻ እንድቀባ፣ ልብስ እሱ እንደሚሠራ ነገረኝ። የተበላሸ ፎቶግራፍ እየተቀደደ ለቀለም መሞከሪያ ይሆናል፤ የጃለኔንም ሊቀድደው መቀስ አነሳ።

«ጋሼ፣ እኔ ልውሰደው?»

«ለምን ይሆንሻል?»

«ዓይኔን ላለማምድበት።»

ሰጠኝ።

ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ወረቀት መጣለትና የጥሎሹን ቀይ ራሱ በጠበጠ። አጠገቡ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ቢጫው በዝቶ ነበር፤ በጣም አልበዛም፣ አንድ ጠብታ ያህል። ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቀይ ከቀይ የማትለይ ልጅ ይህን ልትል አትችልም። ኦቦ ጨመዳ በቅዳሜው መጥተው እሰይ ብለው ወሰዱት።

እኔ የቀባሁትን ግን ከዚያ ማክሰኞ በፊት፣ ሰኞ ጧት፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ በረንዳው ይዤ ሄጄ ነበር። አዴ ድርቤ ከለቅሶ ተመልሰዋል፤ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ትንሽ ተቀመጥኩና ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁት።

«ምንድን ነው?»

«አርብ ላሳይዎት ያልኩት ነው።»

ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው የጃለኔን ግንባር ሲያዩ ወዲያው ሸፈኑት።

«አላይም አላልኩሽም?»

«ቀለሙን ብቻ ይዩልኝ» አልኩ።

ፊቴን አዩት። ከዚያ ጋዜጣውን አወረዱ። በረንዳው ጥላ ነበር። ሰፊ ናቸው፤ ጨርቅ የት እንደሚታይ ያውቃሉ። ሳልነግራቸው ተነስተው ፀሐይዋ ወዳለችበት ወደ በረንዳው ጫፍ ሄዱ። ጀርባቸውን ነው የማየው። አንድ ጣታቸው ትከሻው ላይ አረፈ፣ ወደ ደረቱ ወረደ፣ እጅጌው ላይ ቆመ። ቆየ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ኦቦ ዋቅወያ ካውያቸውን አስቀምጠው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ እሳቸው ደግሞ ደስ ሲላቸው አፋቸው አያርፍም። እግሬ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ምንም» አሉ አዴ ድርቤ። «ልጄ ናት። አማቶቿ ናቸው ያስነሷት።»

«ቆንጆ ወጥታለች?»

«ሥራህን ሥራ፣ ሱሪው ይቃጠልብሃል።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ፎቶግራፉን በጋዜጣው ጠቅልለው መኪናው ሥር፣ ማንም እጁን በማይሰድበት በኩል ሸጎጡት። አንድ ጨርቅ አንስተው መርፌው ሥር አስገቡና መኪናውን ነዱት። ስፌቱ ጠመመ፤ ፈቱት። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ጠመመ።

«ፀሐይ ከሌለ አይለይም፣ አይደል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«አይለይም።»

«እንግዲያ ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ ነው የምሰቅላት።»

መሄድ ነበረብኝ፤ ጋሼ ተካ እየጠበቀኝ ነው። ተነስቼ ደረጃውን ስወርድ ጠሩኝ። ኦቦ ዋቅወያ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

«ወሰኔ። ብብቷ ሥር ይዟታል፤ ጨርቁ ተጨምድዶ አየሁት። ሁለት ጣት መልቀቅ ነበረብኝ። በጣም ጠበባት?»

መንገዱን አየሁት፤ ከዚያ እሳቸውን።

«ትንሽ» አልኩ።